የወል መሬትን ለዱር እንስሳ፣ ለመንገደኛና ለቅርስ ማስተዳደር፦ የትኛው ሥርዓት ለየትኛው መሬት ይስማማል?

አንድ ቀበሌ ከመንደሩ በላይ ያለውን የወል ተራራ «እንጠብቀው» ብሎ ሲነሣ፣ ብዙ ሳይቆይ አራት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። የግብርና ባለሙያው ተራራው ከከብት ንክኪ ይከለል ይላል፤ የደን ባለሙያው በማኅበር ተደራጅታችሁ ውል ፈርሙ ይላል፤ የቱሪዝም ባለሙያው የእንግዳ ማረፊያ ይሠራ ይላል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ አባቶች እንዳደረጉት በደንብ ይዘጋ፣ በደንብ ይከፈት ይላል። ሁሉም የሚናገሩት ከልባቸው ነው፤ ችግሩ እያንዳንዱ የሚያስበው ስለተለያየ መሬት መሆኑ ላይ ነው። ይህ መመሪያ የወል መሬት ኮሚቴ ውስጥ ለተመረጡ ሰዎች፣ ለቀበሌና ለወረዳ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ለትውልድ ቀያቸው ገንዘብ አሰባስበው «ለምን እናውለው?» ለሚሉ በከተማና በውጭ አገር ላሉ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። የሚያነጻጽረው በአገራችን በተግባር የተሞከሩ አምስት አሠራሮችን ነው፦ በማኅበረሰብ ደንብ የሚተዳደር ጥብቅ ቦታ፣ ብሔራዊ ፓርክ፣ አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ ከንክኪ የተከለለ ተራራና የቤተ ክርስቲያን ደን።

በሕግ በኩል መነሻው ለሁሉም አንድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል፤ የቀድሞው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 የወል ይዞታን ያውቅ ነበር፤ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ያውቃል። ስለዚህ «መሬቱ የማን ነው?» በሚለው ላይ መከራከር የኮሚቴ ጊዜ ከማባከን በቀር ብዙም አይጠቅምም። ሥራ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መሬቱን ማን ይዘጋዋል፣ ማን ይከፍተዋል፣ ማንንስ ከውስጡ ሊያስወጣ ይችላል?

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ይኸው የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን ነው። መዝጋት ቀላል ነው፤ ስብሰባ ጠርቶ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ ማኅተም አድርጎ ማንም ይዘጋል። ከባዱ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድሞ መወሰንና ያንን ቀን ማክበር ነው። የመክፈቻ ቀን የሌለው ክልከላ በሌሊት መከፈቱ አይቀርም።

ሁለተኛው የዱር እንስሳው ፍላጎት ነው። ለቆቅና ለሚዳቋ የሚበቃ ቦታ ለቀይ ቀበሮ አይበቃም። ቀይ ቀበሮ በከፍተኛ ተራራ ሣር ውስጥ በሚኖሩ አይጦች ላይ የሚተዳደር እንስሳ በመሆኑ፣ ሣሩ ሲጋጥ አይጡ ይመናመናል፣ አይጡ ሲመናመን ቀበሮው ይጠፋል። በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ 500 ገደማ ብቻ ስለሆነም የአንድ ቀበሌ ስሕተት የአገር ጉዳይ ይሆናል።

ሦስተኛው መተላለፊያ ነው፤ በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ በብዛት የሚዘነጋውም እርሱ ነው። በወል መሬት ላይ የሚያልፉት ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። ከብቱን ወደ ውኃ የሚነዳ ነዋሪ አለ፣ ወደ ጠበል፣ ወደ ንግሥ ወይም ወደ ዚያራ የሚሄድ ምእመን አለ፣ ሊያይና ፎቶ ሊያነሣ የሚመጣ ጎብኚ አለ። የሦስቱም መብትና የሦስቱም ጉዳት ይለያያል። በአንድ ወቅት ያየሁት የተከለለ ተራራ ላይ ወደ ጠበሉ የሚወስደው የእግር መንገድ ሳይታሰብበት በእሾህ ታጥሮ ነበር። ክረምቱን ማንም አልነካውም። ጥር ሲገባ ግን ነጠላ የለበሱ እናቶች እሾሁን በዱላ ገለል አድርገው አንድ ሰው በጎኑ የሚያሳልፍ ሽንቁር አበጁ፤ በሳምንቱ ያንኑ ሽንቁር በሬ እያለፈበት ነበር። ኮሚቴው እናቶቹን ሊቀጣ ተሰብስቦ ነበር፤ የተሳሳተው አጥሩን ያጠረው ራሱ ኮሚቴው መሆኑን ለመቀበል ሁለት ስብሰባ ፈጀበት።

አራተኛው ቅርስ ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ቅርሱ ዛሬም ሰው የሚጠቀምበት ነው ወይስ ቀርቷል የሚለው ነው። ታቦት የሚያርፍበት ሜዳ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዋርካ፣ የመቃብር ስፍራና የዕርቅ ድንጋይ የሚጠበቁት ሰው ሲመላለስባቸው ነው፤ ፍርስራሽና የጥንት ግንብ ግን የሰው እግር ሲቀንስላቸው ይሻላል። አምስተኛው ወጪና የወጪው ተሸካሚ ነው፤ ተራራው በተዘጋባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ግጦሽ የሚያጣው ብዙውን ጊዜ የራሱ ማሳ የሌለው ወጣትና በጥቂት በጎች የምትተዳደር እመበለት ናቸው። የመጨረሻው ሥርዓቱ በክፉ ዓመት፣ ማለትም በድርቅ፣ በእሳት ወይም በጦርነት ጊዜ ምን እንደሚሆን ነው።

በማኅበረሰብ ደንብ የሚተዳደር ጥብቅ ቦታ፦ የመንዝ ጓሳ

ለዚህ አሠራር የመንዝ ጓሳን ያህል ረጅም ታሪክ ያለው ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። በሰሜን ሸዋ ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው ይህ ቦታ ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቦታው የሚጠበቀው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነበር። ከሁለቱ አቅኚ አባቶች ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ባለ ርስቶች በአጥቢያቸው ተከፋፍለው አለቃ ይመርጣሉ፤ አካባቢው ለተከታታይ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ የሚከፈተውም ሣሩ ደርሶ፣ በጋው ሲጠና ነው። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ዕለት፣ እንደገና ይዘጋል። የቀኑ ምርጫ ብልኅነቱ ግልጽ ነው፤ ያንን ዕለት «አልሰማሁም» የሚል ሰው በመንዝ አይገኝም፣ ደንቡም ከወረቀት ይልቅ በቀን መቁጠሪያው ላይ ተጽፏል።

ከመመዘኛዎቹ አንጻር ሲታይ የጓሳ ዋና ጥንካሬ መከልከልና መጠቀም በአንድ እጅ መያዛቸው ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን እንዲደርስ ሲባል የተዘጋው መሬት ለቀይ ቀበሮው አይጥ፣ ለጭላዳው ሣር፣ ለታችኛው ገበሬ ደግሞ ምንጭ ሆነ። ከዚህ ተራራ የሚወጡት ውኆች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉና። ማንም «ለብዝኃ ሕይወት» ብሎ አልዘጋውም፤ ሣር ፈልገው ዘጉት፣ ቀበሮው በሣሩ ውስጥ ኖረ።

ድክመቱ ግን መሸፋፈን የለበትም። ቀሮ የተመሠረተው በአጽመ ርስት ላይ ስለነበር ከአስቦና ከጌራ የማይወለደው ጎረቤት ከውጭ ቆሞ ይመለከት ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስቱ ቀረ፤ መሬቱ ወደ ገበሬ ማኅበራት ዞረ፤ ሥርዓቱም ተናጋ። ለአንዱ ፍትሕ የሆነው ለሣሩ ጥፋት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ እንደገና ተደራጅቶ፣ ከፍራንክፈርት የሥነ እንስሳት ማኅበር ድጋፍ አግኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥበቃ ቀጠናነት ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ከዚህ ታሪክ ኮሚቴዎች ሊወስዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ተጠቃሚው የታወቀ መሆን አለበት፣ ነገር ግን የሚታወቀው በትውልድ ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነትና በግዴታ ቢሆን ይመረጣል። ጥበቃ ያልወጣ ሣር አያጭድም፤ የወጣ ግን ትናንት የመጣ ሙሽራም ቢሆን ድርሻውን ያጭዳል።

ብሔራዊ ፓርክ፦ ስሜን

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ፣ ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ወጣ። ዋልያ በተፈጥሮ የሚኖረው እዚሁ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን እንስሳ የአንድ ቀበሌ ደንብ ብቻውን ያድነዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ደመወዝተኛ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ)፣ የእንስሳት ሐኪምና በዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ላይ የቆመ የክስ ሥልጣን ያስፈልጋል። በባሌ ተራሮች የቤት ውሾች የሚያስተላልፉት የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ ውሻ መከተብ ደግሞ ዓመት ጠብቆ የሚመለስ ወጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በስሜን እሳት ሲነሣም ከውጭ አገር ሄሊኮፕተርና ባለሙያ ማስመጣት አስፈልጓል። ይህን የሚችለው መንግሥት ነው።

የሚከፈለው ዋጋም ያንኑ ያህል ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። መተላለፊያው ለጎብኚ የተደራጀ ነው፤ ጎብኚው ትኬት ቆርጦ፣ ስካውት አስከትሎ ይገባል። ለነዋሪው ግን ትናንት የራሱ የነበረው መንገድ ዛሬ ፈቃድ የሚጠየቅበት ይሆናል። የአንድ መንደር ቅርስ ሰው ሲለቅቀው ምን እንደሚሆን ደግሞ ባዶ የቀረ የቤት ወለል አይቶ መረዳት ይቻላል። በእኔ እምነት ይህ አማራጭ የሚመረጠው ጠፍቶ የማይተካ እንስሳ ሲኖርና መሬቱ ከብዙ ወረዳ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። አንድ ቀበሌ በራሱ የሚመርጠው ጉዳይም አይደለም፤ ሲመጣበት ግን ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ይገባዋል፤ በጥያቄው ዝርዝር አናት ላይ የመተላለፊያ መንገዶችና የሥራ ቅጥር ድርሻ በጽሑፍ መስፈር አለባቸው።

አሳታፊ የደን አስተዳደር

በዚህ አሠራር በማኅበር የተደራጁ ነዋሪዎች ከመንግሥት ጋር ውል ፈርመው ደኑን ይጠብቃሉ፣ ይጠቀሙበታልም። በኦሮሚያ በአዳባ ዶዶላ የተጀመረው ዋጂብ የተባለው አሠራር አንድ ቁጥር አስተምሮናል፦ አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ፣ ለአንድ አባወራም 12 ሄክታር ገደማ ደን እንዲታሰብ ተደርጎ ነበር። ሠላሳ ሰው ስለሚተዋወቅ መጥረቢያ ይዞ የገባውን በስሙ ይጠራዋል። በቦንጋና በጭልሞ ደኖችም ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተመሳሳይ አሠራር ተሞክሯል፤ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን በይፋ ያውቃል።

ለዱር እንስሳ ጥቅሙ በተዘዋዋሪ ነው፤ ውሉ የሚጽፈው ስለ ዛፍ፣ ስለ ማርና ስለ ቡና እንጂ ስለ ጉሬዛ አይደለም። ቅርስም ካልተጻፈ አይጠበቅም። ደግሞም ማኅበሩ የታጠረ ቡድን ስለሆነ፣ ከአባልነት የቀሩት በደኑ ዳር ሲዞሩ ይኖራሉ። ይህን አማራጭ የምትመርጡ ከሆነ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የከብት መተላለፊያው፣ የመቃብሩና የጠበሉ መንገድ በካርታ ላይ ይሰመር።

ከንክኪ የተከለለ ተራራ

የተራቆተ ገደል ከሆነ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም፤ ከብትን ማስወጣት፣ እርከን መሥራት፣ መጠበቅ ነው። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ በዚህ መንገድ ሣሩንና የከርሰ ምድር ውኃውን መልሶ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። ልቅ ግጦሽ ቀርቶ ሣር አጭዶ ወደ መመገብ ሲታለፍ በሁለትና በሦስት ክረምት ለውጡ በዓይን ይታያል።

ነገር ግን ብዙዎች የማይናገሩት አለ። ቁጥቋጦው ሲመለስ ጅቡም፣ ዝንጀሮውም፣ ጃርቱም ይመለሳሉ፤ ማሳው ከተራራው ጋር የሚዋሰነው ገበሬም የሌላውን ሁሉ ወጪ ለብቻው ይሸከማል። እንዲህ ላሉት አባወራዎች ከሣሩ ተጨማሪ ድርሻ ካልተሰጣቸው የተራራው የመጀመሪያ ጠላቶች እነርሱ ይሆናሉ፤ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። ሌላው ችግር መከለል መድረሻ ተደርጎ መታየቱ ነው። ተራራው ካገገመ በኋላ ወደ ደንብ፣ ማለትም ወደ ጓሳው ዓይነት አሠራር ካልተሸጋገረ፣ «መቼ ነው የሚከፈተው?» የሚለው ጥያቄ ያለ መልስ ይቀራል።

የቤተ ክርስቲያን ደን

በደቡብ ጎንደር ከአውሮፕላን ወደ ታች ያየ ሰው በቢጫ ማሳ መካከል የተበተኑ አረንጓዴ ክቦችን ያስታውሳል። ለዘመናት የቆዩት በግዝትና በአክብሮት ነው። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ያለው የቡና ደን ደግሞ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የተያያዘ ትውፊት አለው፤ በትውፊቱ መሠረት ማረስና ባለ ቀንድ ከብት ማርባት የተከለከለ ነው።

ቅርስን በመጠበቅ የሚስተካከለው አማራጭ የለም፣ ወጪውም አነስተኛ ነው። አካባቢው ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ሄክታር ስለሆነ ከወፍ፣ ከጉሬዛና ከጥቃቅን እንስሳት ያለፈ አያስጠልልም፤ ከብት ችግኙን ከበላውም ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ቆመው ይቀራሉ። በአንዳንድ ስፍራ ዙሪያውን የድንጋይ ካብ መካብ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። መተላለፊያውን በተመለከተ ደግሞ ሁሉም ቦታ ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ በጣና እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴቶችን አያስገቡም። ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስለሆነ በኮሚቴ ድምፅ የሚለወጥ አይደለም፤ ስለዚህ ለሕዝብ መናፈሻነት የታሰበ መሬት ከዚህ አማራጭ ጋር መቀላቀል የለበትም። በወሎና በሌሎች አካባቢዎች በመስጊድና በዚያራ ዙሪያ ላሉ ዛፎችም የሚነገረው ተመሳሳይ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚዘጋውና የሚከፍተው | ለዱር እንስሳ | መተላለፊያ | ቅርስ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የማኅበረሰብ ደንብ (ጓሳ) | የተጠቃሚዎች ኮሚቴ | ለሣር ምድር እንስሳት በጣም ጥሩ | በደንቡ ይወሰናል | ሕያው ልማድን ያቆያል | መካከለኛ፤ ብዙው በጉልበት |
| ብሔራዊ ፓርክ (ስሜን) | መንግሥት | ለብርቅዬ እንስሳት ጠንካራ | ለጎብኚ የተመቸ፣ ለነዋሪ የጠበበ | መልክዓ ምድርን ይጠብቃል፣ የሰፈር ልማድን ይጎዳል | ከፍተኛ፤ በመንግሥት |
| አሳታፊ የደን አስተዳደር | በውል የታሰረ ማኅበር | ተዘዋዋሪ | ለአባል ክፍት | ከተጻፈ ብቻ | መካከለኛ |
| የተከለለ ተራራ | ቀበሌና የተፋሰስ ኮሚቴ | ለአገገመ ቁጥቋጦ እንስሳት | በጣም የጠበበ | ደካማ | በመጀመሪያ ከፍ ያለ ጉልበት |
| የቤተ ክርስቲያን ደን | የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደርና ምእመን | ለወፍና ለጥቃቅን እንስሳት | በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን | በጣም ጠንካራ | ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

መሬታችሁ ሣር የበቀለበት ደጋ ከሆነ፣ ተጠቃሚዎቹ የሚተዋወቁ ከሆነና ሽማግሌዎቻችሁ የቀድሞ ደንብ የሚያስታውሱ ከሆነ፣ የማኅበረሰብ ደንብን ምረጡ። ገንዘብ ባይኖራችሁም ይሠራል፤ ዋናው ወጪው የጥበቃ ተራ ነው። ገንዘብ ካገኛችሁ መጀመሪያ የጠባቂዎችን ጫማ፣ ካፖርትና ባትሪ ግዙ፤ በ3,500 ሜትር ላይ በሌሊት የሚጠብቅ ሰው ከመመሪያ መጽሔት በፊት ካፖርት ይፈልጋል።

መሬቱ የተራቆተ ከሆነ ከልሉት፣ ነገር ግን በቃለ ጉባኤው ላይ የሚከፈትበት ዓመትና የሣሩ ድልድል ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። ደን ከሆነና ማር ወይም ቡና የሚያስገኝ ከሆነ አሳታፊ የደን ውል ይሻላል፤ ከአባላቱ ውጭ ለሚቀሩት ደረቅ እንጨት የመልቀም ቀን ይቀመጥላቸው። መሬቱ ከሦስትና ከአራት ወረዳ በላይ የሚሰፋና የተለያየ አጠቃቀም ያለው ከሆነ ደግሞ እንደ ከፋ፣ ያዩና ጣና ያሉት የባዮስፌር አከፋፈል፣ ማለትም ጥብቅ መሐል፣ መከለያ ቀጠናና የልማት ቀጠና፣ ከላይ ካሉት አማራጮች ጋር ተጣምሮ ይሠራል። ራሱን የቻለ አማራጭ አድርጌ ያላቀረብኩት በውስጡ ያሉት ቀጠናዎች በመጨረሻ ከአምስቱ በአንዱ ስለሚተዳደሩ ነው።

ቱሪዝምን በሚመለከት ምክሬ ቁጥብ ነው። በላስታና በመቄት የተሠሩት የማኅበረሰብ የእንግዳ ማረፊያዎች፣ በጓሳ ያለውም ሎጅ፣ ጥሩ ገቢ ሊያስገኙ እንደሚችሉ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ግን እንግዳ ቀረ። የጠባቂ ደመወዝ በእንግዳ ገቢ ብቻ ላይ ከተንጠለጠለ፣ እንግዳው ሲቀር ጠባቂውም ይቀራል። ስለዚህ የእንግዳ ገቢ ለትምህርት ቤት፣ ለወፍጮና ለድልድይ ይዋል፤ ጥበቃው ግን በሣሩ፣ በማሩና በተራው ይቁም።

የውጭ አገር ወገኖች የሚልኩት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በሚታይ ነገር ላይ መዋል ይፈልጋል፤ በር፣ ሐውልትና ሰሌዳ። ለቤተ ክርስቲያን ደን የድንጋይ ካብ፣ ለቀይ ቀበሮ አካባቢ የውሻ ክትባት፣ ለተከለለ ተራራ ደግሞ ማሳቸው ለተበላባቸው አባወራዎች ካሳ የሚሆን መጠባበቂያ ፈንድ ከዚህ ሁሉ ይበልጣሉ። ካሳው ትንሽ ቢሆንም በዚያው ወር መከፈል አለበት፤ በዓመቱ የሚመጣ ካሳ ዝንጀሮውን ከወጥመድ አያድነውም።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ኮሚቴው በሁለት ቀናት ተራራውን በእግር ይዙር፦ አንዱ በአዘቦት ከእረኞች ጋር፣ ሌላው በንግሥ ወይም በዚያራ ዕለት ከምእመናኑ ጋር። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሰውና ከብት ሲያልፍባቸው የታዩት መንገዶች ሁሉ፣ ጠባብም ቢሆኑ፣ በካርታው ላይ ይሰመሩና አጥሩ በእነርሱ በኩል በር ይኑረው።